ጀልባዋ ካለፈች በኋላ፦ ዝግተኛ ፊልም ስለማየት

ዝግተኛ ፊልም የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚተወው በሁለተኛው ሰዓት ሳይሆን በአምስተኛው ደቂቃ ነው። አንዲት ሴት ወጥ ቤቷ ውስጥ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ካሜራው ከቆመበት አይነቃነቅም፤ ሙዚቃ የለም፤ የሚናገርም የለም። ተመልካቹ ግማሽ ደቂቃ ያህል አይቶ «ድንች እየላጠች ነው፣ ገባኝ» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ትርፍ ይሆንበታል። «ይሄ ፊልም አይሄድም» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ያው ሰው ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ ሲያይ ይቆያል። «ሐይቁ አይሄድም» ብሎ ሲያማርር ተሰምቶ አይታወቅም። ከሐይቁ ታሪክ አይጠብቅማ። ዓይኑ አንዴ ታንኳው ላይ፣ አንዴ ደንገሉ ላይ፣ አንዴ ማዶ ያለው ጭጋግ ላይ እያረፈ በራሱ ይሠራል። ስለዚህ ለባሕር ዳር ሰው ትዕግሥት ማስተማር አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ። የሚያስፈልገው ያንን የሐይቅ ዳር አተያይ ይዞ ስክሪን ፊት መቀመጥ ነው። ይህ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሙያ አሠራር አለው፤ የሚበላሽባቸው ቦታዎችም የታወቁ ናቸው።

ሾት የምንለው ካሜራው ከተከፈተበት እስከሚቀጥለው ካት፣ ማለትም ምስሉ ተቆርጦ ሌላ እስከሚተካበት፣ ድረስ ያለውን ነው። በአሁኑ ዘመን የሆሊውድ ፊልም አንድ ሾት በአማካይ ከ4 እስከ 6 ሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ ድብድብ በበዛበት ፊልም ከዚያም ያንሳል። ዓይናችን አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይተካል፤ የት ማየት እንዳለብንም ኤዲተሩ አስቀድሞ ወስኖልናል። የሃንጋሪው ቤላ ታር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው «ሳታንታንጎ» ከ7 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ሾቶቹ ግን 150 ገደማ ናቸው። ለአንዱ ሾት ወደ 3 ደቂቃ ይደርሰዋል ማለት ነው። በ2011 የወጣው «የቱሪን ፈረስ» ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኖ በ30 ሾት ያልቃል። እንዲህ ባለ ፊልም ውስጥ የት እንደሚታይ የሚመርጠው ተመልካቹ ነው፤ የማይመርጥ ተመልካች ይሰለቻል።

ድንች ወደምትልጠው ሴት ልመለስ። ፊልሙ የቤልጅየሟ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችው «ዣን ዲልማን» ነው፤ 201 ደቂቃ ነው። ሳይት ኤንድ ሳውንድ የተባለው የብሪታንያ መጽሔት በ2022 ተቺዎችን አስመርጦ ባወጣው የምንጊዜም ምርጥ ፊልሞች ዝርዝር አንደኛ የወጣውም ይኸው ነው። የሚያሳየው የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሦስት ቀን ነው። በመጀመሪያው ቀን ሥርዓቷን እናጠናለን፦ ክፍል ስትገባ መብራት ታበራለች፣ ስትወጣ ታጠፋለች፤ ገንዘብ የምታስቀምጥበትን የሾርባ ሳህን ከድና ትሄዳለች፤ ድንቹ በሰዓቱ ይበስላል። በሁለተኛው ቀን ድንቹ ከልክ በላይ ይበስልባታል፤ ሳህኑንም ሳትከድን ትተዋለች። በሦስተኛው ቀን ያፈላችው ቡና አይጥማትም፤ ደፍታ እንደገና ታፈላለች። ማንም ምንም አይናገርም። የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ዓይኑ ያየ ሰው ግን ክዳኑ አለመከደኑን ሲያይ ይደነግጣል።

ይህ እኛ በደንብ የምናውቀው ነገር ነው። ቡና ሲፈላ ያደገ ሰው ቡናው ሳይታጠብ ምጣድ ላይ ቢወጣ፣ ወይም ጀበናው ሳይሰክን ወደ ሲኒ ቢዘነበል፣ ማንም ሳይነግረው አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። ሴትየዋ ልቧ ሌላ ቦታ እንዳለ ከእጇ ያነባል። ሥርዓቱን የማያውቅ እንግዳ ግን ምንም አላየም። ዝግተኛ ፊልም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሥርዓቱን በሙሉ ርዝመቱ ያስጠናል፣ ከዚያ አንዷን ነገር ያዛባል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሰዓት በፍጥነት አሳልፎ «ዋናው ጋ» መድረስ አይቻልም። ፍጥነቱን አንድ ተኩል አድርጎ ማየትም ያው ነው፤ የአንድ ሥራ ትክክለኛ ርዝመት በሰውነታችን ውስጥ ካልተቀመጠ መዛባቱ አይሰማንም።

አሁን ዓይንን እንዴት ማሠራት እንደሚቻል። ሾቱ ሲጀምር ለመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ዓይን ወደፈለገበት ይሂድ። ፊት፣ እጅና የሚንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋል፤ አትከልክሉት። ቀጥሎ አራቱን ማዕዘኖች ተመልከቱ፦ ጫፍ ላይ ተቆርጦ የቀረው ምንድን ነው? በሩ የቱ ጋ ነው? ክፍት ነው ዝግ? ከዚያ ጥልቀቱን፦ ከፊት ያለው፣ መሐል ላይ ያለው፣ ከኋላ በመስኮት የሚታየው። ከዚያ ድምፁን፦ ሦስት ድምፆች ለዩ፤ የቱ ድምፅ ምንጩ እንደሚታይ፣ የቱ ከፍሬሙ፣ ከምስሉ ክፈፍ፣ ውጭ እንደሚመጣ ለዩ። ከዚያ ብርሃኑን፦ ሾቱ ሲጀምር የነበረው ጥላ አሁንም እዚያው ነው? መጨረሻ ላይ ወደ ሰውየው ወይም ወደ ሴትየዋ ተመለሱ፤ ትከሻው ወርዷል? እጁ ቀዝቅዟል? አንዱ ዙር ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ፊልም ላይ ቅደም ተከተሉን ትረሱታላችሁ፤ ዓይን ለምዶት ብቻውን ይዞራል።

የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በመሐል «ይሄ ምን ለማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ሰዓቱ ግን አይደለም። ትርጉም መፈለግ ስንጀምር ከምስሉ ወጥተን ጭንቅላታችን ውስጥ እንገባለን፤ ስንመለስ ጥላው ተንቀሳቅሷል። ወረቀት አጠገባችሁ ይኑር፤ አንድ ቃል ጽፋችሁ ወደ ምስሉ ተመለሱ። ሁለተኛው ከስክሪኑ ሥር ያለውን የሰዓት መስመር ማየት ነው፤ «ገና 40 ደቂቃ ነው» ያለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያየው ሰዓት እንጂ ፊልም አይደለም። መስመሩ እንዲጠፋ አድርጉ፤ ስልኩንም ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ሦስተኛው እንቅልፍ ነው። በዚህ ማንም ማፈር የለበትም፤ ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ እንኳ ተመልካች በፊልሙ ቢያንቀላፋ ቅር እንደማይለው በይፋ ተናግሯል። ቢሆንም አብዛኛው እንቅልፍ የሚመጣው ከፊልሙ ሳይሆን ከእራቱና ከአልጋው ነው። ከከባድ ምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ፤ ወንበር ላይ እግራችሁን መሬት አስነክታችሁ ተቀመጡ፤ መስኮት ትንሽ ክፈቱ።

የቤተ ክርስቲያን ልጅ ለዚህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። አቋቋም ሲጀመር ቁም ዜማ ነው፤ ጸናጽልም ከበሮም የለበትም። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፣ መቋሚያው ከወዲያ ወዲህ ይላል። ከበሮው እየደመቀና እየፈጠነ የሚሄደው ወደ መረግድና ወደ ጽፋት ሲደረስ ነው። ለጽፋቱ ብቻ የደረሰ ሰው ከበሮ ሰማ እንጂ ከበሮው ከየት እንደመጣ አልሰማም። ሌሊቱን በማኅሌት መቆም የቻለ ሕዝብ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ያቅተዋል ሲባል እኔ አልቀበልም።

በምን ይጀመር ለሚል፦ አማርኛ ተናጋሪ በጎንደሩ ተወላጅ በኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ቢጀምር እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣ፣ በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረፀ፣ 150 ደቂቃ ገደማ የሆነ ፊልም ነው፤ ባላባትና ጭሰኛን ያሳያል። የሚናገረው በእኛ ቋንቋ ስለሆነ ዓይናችን ከስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ ለማንበብ አይወርድም። ከዚያ በላይ ግን ሥራውን እናውቀዋለን፤ እርሻ አጠገብ ያደገ ሰው በሬ ሲጠመድ፣ ሰው ከሩቅ ሲመጣ፣ ጭሰኛ ጌታው ፊት ሲቆም ሰውነቱ ምን እንደሚመስል ለማወቅ አስረጂ አይፈልግም። ቀጥሎ ጄሲካ በሽር በ2021 በሐረር ስለ ጫት የሠራችው «ፋያ ዳዪ»፤ ሁለት ሰዓት ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ከዚያ የኪያሮስታሚ «አምስት»፤ 74 ደቂቃ ብቻ ሆኖ በአምስት ክፍል ውሃና የውሃ ዳር የሚያሳይ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ጨለማ ውስጥ ውሃ ላይ ያረፈ ጨረቃና የእንቁራሪት ድምፅ ነው። «ዣን ዲልማን» አራተኛ ይሁን። «ሳታንታንጎ»ን ለመጨረሻ አቆዩት፤ 12 ክፍል ስላለው ከክፍል መሐል ሳይቆረጥ በሁለት ወይም በሦስት ዕረፍት ይታያል።

የፋይሉ ጥራት በዚህ ዓይነት ፊልም ላይ ከሌላው ሁሉ በላይ ይወስናል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ይህን ችላ ይላል። ቪዲዮ ሲታመቅ ከአንዱ ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች አንዱ) ወደ ሌላው ያልተለወጠው ቦታ በድጋሚ አይጻፍም፤ ጥቃቅን ለውጦችም እንደ ትርፍ ይጣላሉ። ግድግዳ ያለችግር ይታመቃል። ውሃ፣ ጭጋግ፣ ጭስና ጨለማ ግን በየቅጽበቱ ትንሽ ትንሽ የሚለወጡ ናቸው፤ ዝግተኛ ፊልም የሚኖረውም በእነሱ ላይ ነው። 150 ደቂቃ የሆነ ፊልም 700 ሜጋባይት ላይ ከተጨመቀ በሰከንድ የሚደርሰው 0.6 ሜጋቢት ገደማ ብቻ ነው። ሐይቁ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሆናል፣ የምሽቱ ሰማይ ደረጃ ደረጃ ያለው ሽንሽን ይሆናል። ያው ፊልም በ4 ጊጋባይት ሲሆን በሰከንድ 3.5 ሜጋቢት ያገኛል፤ ያኔ ጭጋጉ ጭጋግ ይመስላል። በኢንተርኔት በቀጥታ ማየትን አልመክርም። ኔትወርክ ሲቆም ምስሉ ባለበት ይደርቃል፤ የቆመ ሾት ውስጥ ደግሞ ፊልሙ ይሁን ኔትወርኩ የቆመው መለየት ይከብዳል። ቀድማችሁ አውርዱ።

ቴሌቪዥን ካላችሁ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ሴቲንግ አጥፉት። በሰከንድ 24 የሆነውን ፍሬም ለመሙላት የሌለ ምስል ፈጥሮ ያስገባል፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲንሸራተት ሁሉ ነገር ቅባት የተቀባ ይመስላል። ብርሃን በራሱ የሚያስተካክለውንም አጥፉ፤ ጨለማ ሾት ላይ ስክሪኑ በራሱ ሲደምቅ ንጋት የመጣ ይመስላችኋል። የድሮ ፊልም ምስል ጠበብ ያለ ነው፤ ስክሪኑን ለመሙላት ወደ ጎን አትለጥጡት። በላፕቶፕ የሚያይ ሰው የስክሪኑን ስፋት እጥፍ ያህል ርቆ ይቀመጥ፤ ለተለመደው ባለ 15 ኢንች ይህ 70 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ፕሮጀክተር ያለው ደግሞ ምስሉን ባያሰፋው ይሻላል፦ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል። ደካማ ፕሮጀክተር ላይ 1.5 ሜትር ስፋት ይበቃል። አቡጀዴ ከሰቀላችሁ ሁለት ድርብ አድርጋችሁ ወጥሩት፤ አንድ ድርብ ብርሃኑን ወደ ኋላ ያሳልፋል፣ የተሸበሸበው ደግሞ ዝም ባለ ሾት ላይ ተመልካቹን ሦስት ሰዓት ሙሉ ያናድደዋል።

ድምፅ ላይ የባሕር ዳር ወቅት ይወስናል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ የፊልሙ ነፋስ፣ የወለሉ ሲጢጥታ፣ የሩቁ ውሻ ሁሉ ይጠፋል። ድምፁን ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም፤ ዝምታውም አብሮ ይጮኻል። በክረምት ጠዋት እዩ፣ ወይም ጆሮን የሚሸፍን ኢርፎን ተጠቀሙ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ምሽት ለዚህ የተፈጠረ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል፣ በ1 ሰዓት ተኩል መጀመር ይቻላል። ከጓደኛ ጋር ከሆነ ቡናው ከፊልሙ በኋላ ይሁን። ሲቆላ የሚንጣጣው ቡና ለብቻው ደስ ይላል እንጂ ከፊልሙ ዝምታ ጋር አይሄድም።

መብራት መሐል ላይ ከጠፋ ሲመለስ ከቆመበት ሰከንድ አትቀጥሉ። ወደ ሾቱ መጀመሪያ ተመለሱ። 7 ደቂቃ የሆነ ሾት ከአራተኛው ደቂቃ ሲጀመር የ3 ደቂቃ ሾት ነው፤ ሌላ ነገር ሆኗል።

ከማየት ሁሉ በላይ ዓይንን የሚያሠለጥነው ግን አንድ የቆመ ሾት ራስ መቅረፅ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ቤኒንግ በ2004 «አሥራ ሦስት ሐይቆች» የሚል ፊልም ሠርቷል፤ 13 ሐይቆች፣ ለእያንዳንዳቸው 10 ደቂቃ የሆነ አንድ የማይንቀሳቀስ ሾት፣ ግማሹ ውሃ ግማሹ ሰማይ። 400 ጫማ የሆነው የ16 ሚሊሜትር የፊልም ጥቅልል 11 ደቂቃ ገደማ ነው የሚቀርፀው፤ ርዝመቱ ከጥቅልሉ ጋር ይስማማል። እኛ ጥቅልል ባይኖረንም ሐይቁ ደጃችን ነው።

ሰዓቱ ከንጋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይሁን። ፀሐይ ከፍ ስትል መሬቱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ሲነሳ ከሐይቁ ቀዝቃዛው ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ውሃው የሚሸበሸበው በዚህ ነው። ማለዳ ግን መስታወት ነው። ከተማችን በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስላለች ፊታችንን ወደ ውሃ ስናዞር ወደ ሰሜን ነው፤ የማለዳዋ ፀሐይ በስተቀኝ ትወጣና ትንንሾቹን ሞገዶች ከጎን ታበራቸዋለች። የቀትር ብርሃን ከላይ ስለሚመጣ ሁሉን ጠፍጣፋ ያደርጋል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ከመሸ በኋላ ሣሩ ላይ አትቁሙ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው።

ስልኩን የአውሮፕላን ምልክት ባለበት ላይ አድርጉት፤ ስልክ ከተደወለ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። 12 ደቂቃ ለመቅረፅ ቢያንስ 3 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር። ሌንሱን በጥጥ ጨርቅ ጥረጉ። ትራይፖድ ከሌለ አንድ ኪሎ ሩዝ የተቋጠረበት ከረጢት ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ ስልኩን በጎኑ ቅበሩት፤ በነፋስ አይነቃነቅም። ስልኩ ያለ እጅ ከቆመ የንቅናቄ ማረጋጊያውን አጥፉ፤ አለበለዚያ የውሃውን እንቅስቃሴ የእጅ መንቀጥቀጥ መስሎት ምስሉን ያንሳፍፈዋል። የካሜራውን የመመሪያ መስመሮች (ግሪድ) አብርታችሁ የውሃውን አድማስ ከመስመር ጋር አስተካክሉ፤ በ5 ሰከንድ ቪዲዮ የማይታወቅ ጥቂት ዘንበል ማለት በ10 ደቂቃ ውስጥ ሐይቁን ወደ ጎን ያፈስሰዋል። ከዚያ ስክሪኑን ተጭናችሁ ይዛችሁ ፎከሱንና ብርሃኑን ቆልፉ። ካልቆለፋችሁ ነጭ ፔሊካን በፊት ስታልፍ ምስሉ ሁሉ ይጨልምና መልሶ ይደምቃል። ማይኩ ላይ ቀጭን ስፖንጅ ካደረጋችሁ ነፋሱ አይንጎራጎርም።

ርቀት መምረጥ ርዝመት መምረጥ ነው። በታንኳ የሚቀዝፍ ሰው በሰዓት 3 ኪሎሜትር ቢሄድ በደቂቃ 50 ሜትር ነው። የተለመደ የስልክ ካሜራ 200 ሜትር ላይ ወደ ጎን 250 ሜትር ያህል ያያል። ስለዚህ 200 ሜትር ርቆ የሚያልፍ ታንኳ ፍሬሙን ለማቋረጥ 5 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ 400 ሜትር ላይ 10 ደቂቃ። በዲጂታል ዙም አታቅርቡት፤ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ታንኳውን ከመከተል ይልቅ እየቀዘፈ በውሃው ላይ ትቶት የሚሄደውን መስመር እዩ፤ መስመሩ መቼ እንደሚጠፋ። ከቀረጻችሁ በኋላ ያያችሁትን በወረቀት ጻፉ። ማታ ደግሞ ቪዲዮውን ሳታቋርጡ አይታችሁ ሌላ ዝርዝር ጻፉ። ማለዳ የጻፋችሁት ባብዛኛው ስለ ታንኳው ነው፤ ማታ ግን ጠርዙ ላይ የነበረው ደንገል፣ የደወሉ ድምፅ፣ የአንዱ ወፍ መመላለስ ይወጣል።

ወደ ዘጌ ገዳማት የምትሄድ የሞተር ጀልባ ከፊታችሁ ካለፈች ከፍሬሙ ስትወጣ ቀረጻውን አታቁሙ። ጀልባዋ ትሄዳለች፣ የሞተሩ ድምፅም ይርቃል፣ ውሃው መልሶ ዝም ይላል። አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቆይቶ፣ ጀልባዋ ጨርሶ በማትታይበት ሰዓት፣ ሞገዷ እግራችሁ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ይደርሳል።